የወንድሜን ኮሚኮች ለአንድ ሰው ለመሸጥ

ይህ ታሪክ መጻፍ ይገባው እንደሆነ እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። ስለ አሮጌ መጽሔቶች ሽያጭ ነው። በእኛ አካባቢ ባለፉት ዓመታት ሰው ስንት ነገር አይቷል፤ ቤቱን ዘግቶ የሸሸ አለ፣ ተመልሶ ቤቱን ያላገኘ አለ። እኔ ደግሞ በኢንተርኔት መጽሔት ስሸጥ የሆነውን ልጽፍ ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። አሁን የምጽፈውም ከዚህ የተሻለ የራሴ የሆነ ታሪክ ስለሌለኝ ይመስለኛል።

መጽሔቶቹ የታላቅ ወንድሜ ነበሩ። በሥዕል የሚተረኩ፣ ኮሚክ የሚባሉት ናቸው። ወንድሜ ዐሥረኛ ክፍልን እንደጨረሰ ከሐይቅ ከተማ ተነስቶ ዐረብ አገር ሄደ፤ እዚያም ያገለገለ የቤት ዕቃ በሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ተሸካሚ ሆነ። ሰዎች ቤት ሲቀይሩ የማይፈልጉትን ሁሉ ለሱቁ ይሰጣሉ። ከዕቃው መሐል እንዲህ ያለ መጽሔት ሲገኝ፣ ባለሱቁ ገዢ ስለማያገኝለት “ውሰደው” ይለዋል። እንዲህ እያለ ሰበሰበ። የሚበዙት በዐረብኛ፣ የቀሩት በእንግሊዝኛ ነበሩ። የሚያድርበት ክፍል ከሌሎች ጋር የሚጋራው ስለነበር ማስቀመጫ የለውም፤ ስለዚህ ወደ ሐይቅ በሚመለስ ሰው ሻንጣ ሁሉ ጥቂት ጥቂት ይልክልን ነበር።

ያመጡት ሰዎች እየሳቁ ነው የሚያስረክቡን። አንዲት ጎረቤታችን ከዚያ በተመለሰች ማግስት ቤታችን መጥታ እናቴን፣

“የሰው ልጅ ብርድ ልብስ ይልካል፣ ቴሌቪዥን ይልካል። ያንቺ ልጅ ወረቀት አሸክሞ ወገቤን ቆረጠው” አለቻት።

“አንቺ ብርድ ልብስ ይዘሽ መጥተሽ የለም?” አለች እናቴ። “እሱን ተከናንበሽ ተኚ፤ ወገብሽ ይመለሳል።”

እናቴ ማንበብ አትችልም። የዐረብኛ ፊደል ግን ስታይ ታውቀዋለች፤ የዐረብኛ ፊደል ያለበት ወረቀት ደግሞ በእሷ ቤት መሬት ላይ አይቀመጥም። የከረሜላ መጠቅለያ እንኳ ቢሆን አንስታ ግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ ትወትፈዋለች። ስለዚህ እንግሊዝኛዎቹን መጽሔቶች በቆርቆሮ ሳጥን አድርጋ አልጋ ሥር ስታስገባ፣ ዐረብኛዎቹን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ አስቀመጠቻቸው። ወንድሜ ይህንን በስልክ ስነግረው ሳቀ፤ ስልኩን ለእናቴ ሰጠኋት።

“እማ፣ እሱ እኮ ቀልድ ነው” አላት።

“ቀልዱ ያንተ፣ ፊደሉ የአላህ” አለችው።

እኔ በልጅነቴ ቁርኣን ቤት ስለገባሁ ፊደሉን አነባለሁ። ቋንቋውን ግን አላውቅም። አንዳንድ ቀን አንዱን አውርጄ ከተሳሉት ሰዎች አፍ የሚወጣውን ጽሑፍ ጮክ ብዬ እቀራዋለሁ፤ ትርጉሙን ሳላውቅ። እናቴ ሥራዋን አቁማ ትሰማኛለች።

ወንድሜ እዚያው ሞተ። ታመመ ተባለ፤ ሆስፒታል ገባ ተባለ፤ ከዚያ ተቀበረ ተባለ። አብረውት የሚያድሩት ልጆች ናቸው የደወሉት። የት እንደተቀበረ በደንብ ሊያስረዱን ሞክረው ነበር፤ የከተማውን ዳር ስም ነገሩን፤ ስሙን ግን ከመካከላችን የያዘው ሰው አልነበረም። የመንደራችን የቀብር መረዳጃ፣ ቅሬው፣ ድንኳን ተከለልን። ክርስቲያኑም እስላሙም መጥቶ ተቀመጠ። አስከሬን የሌለበት ለቅሶ ነው፤ ሰዎች ወዴት ዞረው እንደሚያለቅሱ ግራ የገባቸው ይመስለኝ ነበር። እኔ ሳህን አጠብኩ፣ ፍራሽ አነጠፍኩ፣ ለመጣው ሰው ውኃ አቀረብኩ። ሳህኖቹ ብዙ ነበሩ።

በዓመቱ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና አለፍኩ። እኔ ስሄድ እናቴ ብቻዋን ስለምትቀር፣ ውጫሌ ትዳር ይዛ ከምትኖረው እህቴ ጋር እንድትኖር ተወሰነ። ሐይቅ የነበርንበት ቤት የኪራይ ነው፤ መልቀቅ አለብን። የእህቴ ቤት አንድ ክፍልና ጓዳ ነው። ዕቃችንን ስንለይ መጽሔቶቹ ላይ ስንደርስ መለየቱን አቆምን። እህቴ ናት የጀመረችው።

“ይሸጡ” አለች ወደ እኔ እየጠቆመች። “እኔ ጋ አይጥ ይበላቸዋል። እሷ በስልክ ታሻሽጣቸው፤ ዘንድሮ ሰው የማይሸጠው የለም።”

እናቴ ወደ እኔ ዞራ፣

“ለአንድ ሰው ከሆነ” አለች። “እሱ ከየሰው ቤት ለቅሞ አንድ ላይ ያደረገውን እኔ መልሼ አልበትነውም። ላንድ ሰው ስጪ፤ የት እንዳለ ልወቅ። የእሱን ቦታ አላውቅም። የዚህን ልወቅ።”

“እሺ እማ” አልኩ።

አንሶላ አንጥፌ ሁሉንም ደረደርኩና ፎቶ አነሳሁ። ያገለገሉ መጻሕፍት የሚሸጡበት አንድ ግሩፕ ውስጥ ገብቼ ማስታወቂያዬን ጻፍኩ። ትምህርት ቤት እንደተማርነው ደብዳቤ አድርጌ ነው የጻፍኩት፤ “የተከበራችሁ ገዢዎች” ብዬ ጀምሬ፣ መጽሔቶቹ በንጽሕና የተያዙ መሆናቸውን፣ ተለያይተው እንደማይሸጡ፣ ርክክቡ ሐይቅ ከተማ እንደሚሆን ገለጽኩ። ከመለጠፌ በፊት የፊደል ግድፈት እንዳይኖር ደጋግሜ አነበብኩት።

ወዲያው መልስ ይዘንብ ጀመር።

“ብሮ ኪሎው ስንት ነው?” አለ አንዱ።

“ለኦቾሎኒ መጠቅለያ ይሆናል ወይ?” አለ ሌላው።

“ከሐይቅ ዓሣ ላክልንና መጽሔቱን ለመጠቅለያ አድርገው” አለ ሦስተኛው። ይኸኛውን ብዙ ሰው ሳቀለት።

ለእያንዳንዳቸው፣ “ስለ አስተያየትዎ አመሰግናለሁ፤ መጽሔቶቹ በአንድ ላይ ብቻ ነው የሚሸጡት” ብዬ መለስኩ። ሴት መሆኔን ለማስረዳት አልሞከርኩም። በውስጥ መስመር የመጡት ደግሞ ቁም ነገረኞች ነበሩ፤ ግን ሁሉም የሚፈልገው ቆንጥሮ ነው። አንዱ እንግሊዝኛውን ብቻ ይላል፣ አንዱ ቀዩ ሽፋን ያላቸውን፣ አንዱ ለልጁ ልደት ዐሥር ብቻ። አንድ ሰው ደግሞ እንዲህ ሲል ጻፈልኝ፤ “እህቴ፣ ነገርሽ ገብቶኛል፣ ግን ዕቃ እንዲህ አይሸጥም። ጫት እንኳ በዙርባ፣ በእስር በእስሩ እየተለየ ነው። ከፋፍለሽ ካልሸጥሽ ከእጅሽ ላይ ያረጃል።” ልክ እንደሆነ ታውቆኛል። አመሰግናለሁ ብዬ መለስኩለት።

ሳምንታት ካለፉ በኋላ ደሴ የሚኖር አንድ ሰው ጻፈልኝ። ለልጆች የንባብ ክፍል ሊከፍት ነው። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ እንዳያቸው ከጥያቄዎቹ ያስታውቃል።

“ሁሉንም እወስዳለሁ፤ መኪና ይዤ እመጣለሁ” አለ። “አንድ ነገር ብቻ ያረጋግጡልኝ። ዐረብኛዎቹ ተከታታይ ናቸው፤ እያንዳንዱ ካለፈው ይቀጥላል። ቁጥራቸው ካልተጓደለ ነው የምፈልገው። ልጅ ታሪክ ጀምሮ መሐሉን ካጣው ሁለተኛ አይመጣም።”

“አጣርቼ አሳውቅዎታለሁ” አልኩት።

ከማጣራቴ በፊት ግን ለእናቴ ነገርኳት። መንገር አልነበረብኝም፤ ደስ እንዲላት ቸኮልኩ። ደሴ የት ሰፈር እንደሆነ ጠየቀችኝ። ነገርኳት።

“ደሴማ ቅርብ ነው” አለች። “በአንድ መኪና እደርሳለሁ። በሩ ላይ ቆሜ ልጆቹ ሲያነቡ አይቼ እመለሳለሁ። አያስገቡኝም?”

“ያስገቡሻል እማ።”

“ባይሆንም በሩ ይበቃኛል።”

ያን ቀን ጨርቁን ከቁም ሣጥኑ አናት አውርጄ ቁጥሮቹን በቅደም ተከተል ደረደርኩ። ከመካከል ያሉት የሉም። አልጋ ሥር ፈለግኩ፤ ሳጥኑን ገለበጥኩ። ፎቶ ያነሳሁ ጊዜ የሽፋኑን መልክ እንጂ ቁጥሩን አላየሁም ነበር። እናቴ ደጅ ልብስ ታሰጣለች፤ ሄጄ ጠየቅኳት።

“የተቀደዱትን ነው?” አለች፤ ልብሱን ማስጣቷን ሳታቆም። “መስጊድ ሰጠኋቸው።”

“ለምን እማ?”

“የለቅሶው ጊዜ ነዋ። ያን ሁሉ ሰው ስናስገባ ቁም ሣጥኑን ወደ ጥግ ገፋነው፤ ጨርቁ ወደቀ። ሽፋናቸው የተገነጠለ ነበሩ፣ ቅጠሉ ተበተነ። ሰው በእግሩ ሊረግጠው ነው። ሸሁ የአሮጌ ቁርኣን ቅጠል ሊቀብሩት ይሰበስቡ የለም? ለቅሜ እሳቸው ጆንያ ውስጥ ጨመርኩት።” ከዚያ ዞር ብላ ፊቴን አየችው። “ምነው፣ ይፈልገዋል እንዴ ሰውየው?”

“ይፈልገዋል።”

እጇ ላይ የቀረውን ልብስ ወደ ሣፋው መለሰችው። “ነይ እንሂድ” አለች።

ሸሁ ያረጁ፣ ዓይናቸው የደከመ ሰው ናቸው። ከሰዓት በኋላ ከአሱር ሶላት ሲወጡ መስጊዱ በር ላይ አገኘናቸው። እናቴ ነገሩን ስታስረዳቸው እያዳመጡ አንገታቸውን ነቀነቁ።

“አስታውሳለሁ” አሉ። “አንዱን ገለጥ ባደርገው አህያ መነጽር አድርጎ ጋዜጣ ያነባል። ይሄ ደግሞ ከየትኛው ሱራ ነው ብዬ ብቻዬን ስስቅ የማስተምራቸው ደረሶች አብዷል አሉኝ።”

“ታዲያ ቁርኣን እንዳልሆነ እያወቁ…” አልኩና ንግግሬ ድፍረት እንዳይመስል ዝም አልኩ።

“ጨርሺው፣ ልጄ። ለምን ቀበሩት ነው?” አሉ። “አህያው ማንበብ ሲጀምር ቢስሚላህ ብሎ ነው። የአላህ ስም ያለበትን ምን ላድርገው? ለእሳት ማቀጣጠያ ልስጠው? አህያ ቢለውም ያው ስሙ ነው። ከሌሎቹ ጋር ቀበርኩት።”

“የት ነው አንቱ የቀበሩት?” አለች እናቴ።

“ከላይ፣ ሰው የማይረግጠው ጋ።”

በዱላቸው እየተመሩ ከከተማው በላይ ያለውን ኮረብታ ወጡ፤ እኛም ተከተልን። ደጋግመው እየቆሙ ይተነፍሳሉ፣ እኛም እንቆማለን። ቦታው አንድ ግራር ሥር ነው። ሰውና ከብት እንዳይረግጠው ድንጋይ ዙሪያውን ተደርድሯል። አፈሩ ጠንክሮ ሣር አብቅሎበታል። ከዚያ ላይ ሆኖ ሲያዩት ሐይቁ በሙሉ ይታያል፤ ውኃው ላይ አንድ ጀልባ ነበር።

“ጥልቅ ነው?” አለች እናቴ።

“ጥልቅ ነው። ጎርፍ አይነካውም፣ አብሽሪ።”

ቆማ አየችው። ከዚያ እጇን ዘርግታ ዱዓ አደረገች፤ ድምፅዋ አይሰማም፣ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ሲያልቅ ሸሁ “አሚን” አሉ። እኔም “አሚን” አልኩ። ለማን እንዳደረገችው አልጠየቅኳትም። ልቤ ውስጥ የሆነ ነገር እንዲመጣ ጠብቄ ነበር፤ አልመጣም። ጀልባውን አየሁት።

ቁልቁለቱን ስንወርድ ሸሁን ቀድመን ነበርና ለብቻችን ሆነን፣

“ቆፍሪው ብልሽ ትቆፍሪው ነበር?” አለችኝ።

“አዎ።”

“አውቄያለሁ፤ አንቺ እምቢ አትይም።” ጥቂት ከሄድን በኋላ፣ “የተቀበረ አይወጣም። ለሰውየው እውነቱን ንገሪው። እንግዲህ ከተበተነ ተበትኗል፤ የቀረውን እንዳገኘሽ ስጪው” አለች።

“ሌላ አንድ ላይ የሚገዛ እፈልጋለሁ እማ፤ ጊዜ አለኝ።”

“አንድ ላይ የሚባል የለም። አሁን አይተሽው የለ?”

ለደሴው ሰው የሆነውን ሁሉ፣ አህያውንም ሳይቀር ጻፍኩለት። መልሱ እስኪመጣ አንድ ቀን ሙሉ ወሰደ። “እናትዎ ያደረጉት ትክክል ነው፤ ሰላም ይበሉልኝ” አለ። ዐረብኛዎቹን ትቶ እንግሊዝኛዎቹን ብቻ ወሰደ። መኪና ይዞ አልመጣም፤ ላንድ ሳጥን አያስፈልግም። በማዳበሪያ ጠቅልዬ ወደ ደሴ ለሚሄድ ሚኒባስ ረዳት ሰጠሁት።

ከዚያ በኋላ ማስታወቂያዬን ቀየርኩ። “ተለያይተው አይሸጡም” የሚለውን አጥፍቼ “በፈለጉት መጠን” ብዬ ጻፍኩ። ያን ጊዜ ሽያጩ ቀለለ። ለልጁ ልደት የፈለገው ሰው ዐሥሩን ወሰደ፤ ልጁ ግን ልደቱን አክብሮ ጨርሶ ነበር። ቀዮቹን የፈለገው ቀዮቹን ወሰደ። አንድ የማስታወቂያ ሠዓሊ ደግሞ ሥዕሉ ብቻ ስለሆነ የሚያስፈልገው የተቀደዱም አሉ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የሉም አልኩት።

አሠራሩን ለመድኩት። ጥቅሉ ላይ የገዢውን ስልክ በወፍራም ማርከር እጽፋለሁ፤ መናኸሪያ ሄጄ ለረዳቱ እሰጣለሁ፤ የመኪናውን ታርጋ ለገዢው እልካለሁ። “ምንድን ነው ውስጡ?” ይሉኛል ረዳቶቹ። “መጽሔት” እላለሁ። “ውኃ አይነካውም እንዴ?” “አይነካውም፤ ላስቲክ አለው።” በመሐል መንገድ የተዘጋባቸው፣ ኢንተርኔትም የጠፋባቸው ሳምንታት ነበሩ። መልሶ ሲመጣ ካቆምኩበት እቀጥላለሁ።

መጀመሪያ ላይ እናቴ ከመናኸሪያ ስመለስ ትጠይቀኝ ነበር።

“ይኼኛው የት ሄደ?”

“ኮምቦልቻ።”

“ኮምቦልቻ” ትላለች። ወልድያ ስላት ወልድያ፣ አዲስ አበባ ስላት አዲስ አበባ ትላለች። ቦታውን ልትይዘው የምትሞክር ይመስለኛል። አንድ ቀን ከመናኸሪያ ስመለስ አልጠየቀችኝም። እኔም አልነገርኳትም። ከዚያ በኋላ ጥያቄው ቀረ።

ትምህርት ሲጀመር ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፤ እናቴ ወደ ውጫሌ ተዛወረች። ያልተሸጡት ጥቂት ዐረብኛዎች አብረዋት ሄዱ። ማደሪያ ክፍላችን ውስጥ ሌሎቹ ልጆች ስለቤታቸው ሲያወሩ እኔ ስለመጽሔቶቹ አንድም ቀን አላነሳሁም። ማስታወቂያውን ግን አላጠፋሁትም ነበር።

ለሴሚስተር ዕረፍት ውጫሌ እንደመጣሁ አንዲት ሴት ጻፈችልኝ። ከዐረብ አገር ከተመለሰች ወራት ሆኗታል፤ አምባሰል ውስጥ ገጠር ናት፤ ለገበያ ወደ ውጫሌ ትመጣለች። በረዳት አትላኪልኝ፣ እኔው እመጣለሁ አለች። ረመዳን ሊገባ የቀናት ዕድሜ ሲቀረው በባጃጅ እህቴ ቤት ድረስ መጣች። ከእኔ ጥቂት ብትበልጥ ነው። እናቴ ሻይ አቀረበችላትና መጽሔቶቹ የማን እንደነበሩ ነገረቻት። ልጅቷ መጽሔቶቹን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አንዱን ገለጠች፤ ፈገግ አለች።

“ይህን አውቀዋለሁ” አለች። “የምሠራበት ቤት ልጆች ነበሩ፤ ሲተኙ አነብላቸዋለሁ። ዐረብኛ የተማርኩት በዚህ ነው። ማዳሟ ስትቆጣ የምትለውን ከመልመዴ በፊት ይህንን ለመድኩ።”

“ምን ይላል?” አለች እናቴ።

ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። እኔም ምን እንደሚል አላውቅማ።

“እዚህ ጋ፣ እማማ፣” አለች ወደ እናቴ ቀረብ ብላ ጣቷን ሥዕሉ ላይ አድርጋ፣ “አንድ ሰውዬ ጃንጥላ ይገዛል። ከገዛ ጊዜ ጀምሮ ዝናብ የለም። ሰፈሩ ሁሉ ‘በአንተ ነው ዝናቡ የቀረው፣ ጣለው’ ይለዋል። እሱ ደግሞ ብሬን አውጥቼ አልጥልም ይላል። ይኸው እዚህ ፀሐይ ላይ ዘርግቶት ይሄዳል።”

“ከዚያስ?”

“ከዚያ ለጎረቤቱ ያውሰዋል። ጎረቤትየው በሩን ሳይደርስ ዝናቡ ይወርዳል። ሰውየው በስብሶ ቆሟል፤ ይኸው።”

እናቴ ሥዕሉን ጎንበስ ብላ አየችው።

“ልጄም ይህን ነበር የሚያነበው?”

“ይሆናል። ሥራ ሲያልቅ ሰው እዚያ ሌላ ምን ያደርጋል፣ እማማ?”

“ያስቃል?”

“ያስቃል። እኔስ ያስቀኝ ነበር።”

“እሺ” አለች እናቴ።

ልጅቷ የያዘችውን ገንዘብ አወጣችና ሰጠችኝ። አልተከራከርንም። መጽሔቶቹን በሻሿ ጠቅልላ ስትነሳ፣ እናቴን ለማጽናናት አስባ ይመስለኛል፣

“አይዞሽ እማማ፤ አልበትናቸውም። ለማንም አልሰጥም፤ እኔው ጋ ይቀመጣሉ” አለቻት። ስለ መበተን የነገራት ሰው አልነበረም፤ ከማስታወቂያዬ ሥር ለሰዎች ከጻፍኳቸው የድሮ መልሶች ላይ አንብባው ሊሆን ይችላል።

“ስጪ” አለች እናቴ። “የወደደ ካለ ስጪ። አስቀምጠሽ ምን ታደርጊዋለሽ?”

በር ድረስ ሸኘናት። ባጃጁ ወደ ገበያው ታጠፈ። እናቴ የሻይ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ወደ ጓዳ ገባች፤ እኔ ስልኬን አውጥቼ ማስታወቂያውን አጠፋሁት። ቅዳሜ፣ የካቲት 15 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር።